የቆላ ወበቅና የከሰዓት በኋላ መብረቅ

ሙቀት ሁሉ አንድ አይደለም። የደረቅ በረሓ ሙቀትና የእርጥብ ቆላ ወበቅ በመለኪያ ላይ አንድ ቍጥር ቢያሳዩም፥ በሰው ገላ ላይ የሚያደርሱት ጕዳት የተለያየ ነው። በእርጥብ ቆላ ደግሞ ከወበቁ ቀጥሎ፥ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይከተላል። ሁለቱ አደጋዎች የሚመነጩት ከአንድ ነገር፥ ይኸውም በአየር ውስጥ ካለው የውሃ እንፋሎት ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን የጋምቤላን አገር ምሳሌ አድርገን ይህን ጕዳይ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ልንገልጽ እንወዳለን።

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ትገኛለች። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ሚያዝያ ሲገባ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ዝናሙን ማምጣት ይጀምራል። ይህ የዝናም መግቢያ፥ ሙቀቱ ገና ሳይለቅ እርጥበቱ የሚታከልበት ወራት ስለ ሆነ፥ ለጤና እጅግ ያሠጋል።

የጤነኛ ሰው የገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። የውጭው አየር ከዚህ በላይ በሞቀ ጊዜ ነፋሱ ገላን ማቀዝቀዙ ቀርቶ ጭራሽ ያሞቀዋል፤ ያን ጊዜ ለሰው የሚቀርለት መከላከያ ላቡ ነው። ነገር ግን ገላን የሚያቀዘቅዘው የላቡ መውጣት ሳይሆን የላቡ መትነን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። 1 ሊትር ላብ ከቈዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ተንጠባጥቦ መሬት ላይ የወደቀ ላብ ግን ውሃና ጨው ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። አየሩ አስቀድሞ በእንፋሎት ከተመላ ላቡ መትነን ይሳነዋል። በዝናም ቀን የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ እንደሚውል፥ የሰውም ቈዳ በወበቅ ቀን ሳይደርቅ ይውላል፤ ሙቀቱም በውስጥ ይጠራቀማል።

ላባችን እንዳይደርቅ የከለከለው ይኸው እንፋሎት፥ ለነጎድጓዱም ማገዶ ይሆነዋል። ፀሐይ ከጥዋት ጀምራ መሬቱን ስታሞቅ፥ መሬቱም በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከዚያም እንፋሎቱ ወደ ውሃ ነጠብጣብ ሲለወጥ፥ ሲተን ይዞት የነበረውን ሙቀት መልሶ ይለቃል፤ ይህም አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። እንዲህ እያለ ደመናው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ሊል ይችላል። በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ኀይል ይከማቻል፤ ይህም ኀይል ሲፈናጠር መብረቅ ይባላል። መብረቁ ያለፈበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሊሞቅ ስለሚችል በድንገት ይለጠጣል፤ የምንሰማው ነጎድጓድ የዚሁ ድምፅ ነው። ጥዋት ጥርት ብሎ የዋለ ሰማይ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የሚያጕረመርመው ስለዚህ ነው።

የወበቅ ሕመም የመጀመሪያ ምልክቶቹ ብዙ ላብ፥ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጕልበት መድከም ናቸው። እንዲህ የሆነውን ሰው ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማላላት፥ ንጹሕ ውሃም በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ይገባል። ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሌለ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይበቃል። ጠላና አረቄ ግን አይረዱም። በሽተኛው ንግግሩ ከተዛባ፥ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ፥ የገላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሆናልና ጊዜ አይሰጥም። መላ ገላውን ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ እያፈሰሱና እያራገቡ፥ በአፉ ምንም ሳይሰጡ፥ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

ስለ መብረቅ ዋናው ደንብ አጭር ነው፤ ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስብን ይችላል። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ሰከንዱን ቈጥሮ ለ3 ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያሳውቃል። ብቻውን ከቆመ የማንጎ ዛፍ ሥር መጠለል፥ በወንዝ ውስጥ መዋኘት፥ በሜዳ ላይ መቆም አደገኛ ነው። ጠንካራ ግንብ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ጥሩ መጠለያ ነው። የሣር ጎጆ ከዝናም እንጂ ከመብረቅ አያድንም፤ ሌላ ከታጣ ግን ከግድግዳውና ከምሰሶው ርቆ መቀመጥ ይሻላል። በቤትም ውስጥ ቢሆን ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከውሃ ቧንቧ መራቅ ያስፈልጋል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ውጭ መውጣት አይገባም።

በመብረቅ የተመታን ሰው መንካት የሚፈሩ አሉ። ይህ ፍርሃት ብዙ ነፍስ ያጠፋል። በተመታው ሰው ገላ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። መብረቅ የሚገድለው በተለይ ልብንና ትንፋሽን በማቆም ስለ ሆነ፥ የማይተነፍሰውን ሰው ወዲያው በጀርባው አስተኝቶ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኀይል መጫን፥ የሠለጠነ ሰው ካለም ትንፋሽ መስጠት፥ ሊያድነው ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱም አደጋዎች ሰዓታቸው የታወቀ ነው። የስፖርትና የአትክልት ሥራ ከጥዋቱ 4 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ ማድረግ፥ በክፍል ውስጥ የመጠጥ ውሃ ማኖር፥ ውሃ ለመጠጣት የሚጠይቀውን ተማሪ አለመከልከል ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የመልቀቂያው ደወል የሚደወለው በሰዓቱ ብቻ ሳይሆን በሰማዩም ይሁን። ደመናው እያጕረመረመ ተማሪዎችን በሜዳ ለሚወስደው መንገድ አሳልፎ ከመስጠት፥ ግማሽ ሰዓት በክፍል ማቈየት ይሻላል። ወላጆችም ልጆቻቸው በዚህ ምክንያት ሲዘገዩ መምህሩን እንዲያመሰግኑት እንጂ እንዳይወቅሱት አደራ እንላለን።