ጅማን ነጻ ያወጣው ማን ነው? የ1933 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ዘመቻ ተረትና እውነታ

በኢትዮጵያ የድል ታሪክ ውስጥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የፋሽስት ወረራ ያከተመበት ዕለት ሆኖ ስለሚታሰብ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች የተካሄደው ውጊያ በአደባባይ ንግግርም ሆነ በየቤቱ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ሳይነገር በቀረው ታሪክ ቦታ ከእውነታው ጋር የማይገጥሙ እምነቶች ገብተዋል፤ እነዚህ እምነቶችም ከስህተትነታቸው ባሻገር በጊቤ ሸለቆና በደምቢዶሎ ተራሮች ላይ ደማቸውን ያፈሰሱ ሰዎችን ድርሻ የሚነፍጉ ስለሆኑ መታረም ይገባቸዋል።

ተረት፦ ጦርነቱ ሚያዝያ 27 ቀን አበቃ

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባን በያዘ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት ወደ መናገሻቸው መግባታቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን በዚያን ሰዓት ኢጣሊያኖች ደቡብ ምዕራቡን ጠቅልለው ባደራጁት ግዛት ርዕሰ ከተማ በጅማ፣ ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ ገና በአገረ ገዥነት ወንበሩ ላይ ነበር። ይባስ ብሎም የኢጣሊያ እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን በግንቦት ወር አምባ አላጌ ላይ እጁን በሰጠ ጊዜ፣ የተጠባባቂ እንደራሴነት ማለትም የኢጣሊያን ንጉሥ ወክሎ መላውን የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛት የማስተዳደር ሥልጣን ወደ ጋዜራ ተላለፈ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በአዲስ አበባ በሚውለበለብበት ወራት፣ በኢትዮጵያ ምድር የቀረው የፋሽስት መንግሥት የበላይ ሹም መቀመጫ ጅማ ነበረች ማለት ነው። ከተማዋ የተያዘችው ሰኔ 14 ቀን፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ከ47 ቀናት በኋላ ሲሆን፣ የመጨረሻው ምሽግ ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል።

ተረት፦ ጅማን ያስለቀቁት እንግሊዞች ናቸው

ይህ እምነት ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደና ለማረምም ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ዘመቻውን የመራው ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል አላን ካኒንግሃም እንግሊዛዊ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የወረደውን 11ኛውን የአፍሪካ ክፍለ ጦር የመራው ጄኔራል ዌዘሮልም፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን የወጣውን 12ኛውን የአፍሪካ ክፍለ ጦር የመራው ጄኔራል ጎድዊን ኦስተንም፣ የየሻለቃው መኮንኖችም እንግሊዞች ነበሩ። በእግሩ ተጉዞ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ በጠመንጃ የተዋጋው እግረኛ ግን በአመዛኙ ጥቁር አፍሪካዊ ነበር። 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ፣ ብርጌድ ማለት በርካታ ሻለቆችን ያቀፈ የጦር አሃድ ነው፣ የተዋቀረው ‹ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ› ከተባለው ጦር ሲሆን፣ የዚህ ጦር ወታደሮች የሚመለመሉት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ (ከዛሬዋ ታንዛኒያ) እና ከኒያሳላንድ (ከዛሬዋ ማላዊ) ነበር። ከእርሱ ጎን የተሰለፉት አንዱ ብርጌድ የናይጄሪያ፣ ሌላው የጎልድ ኮስት ማለትም የዛሬዋ ጋና ልጆች ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች፣ ብረት ለበስ መኪኖችና መሐንዲሶችም አግዘዋቸዋል።

እነዚህ ሰዎች ወደ ጅማ የደረሱት ጠላት ባዶውን በተወው መንገድ ላይ በመጓዝ አልነበረም። የጋናዎቹ ብርጌድ ከነገሌ ተነስቶ ዛሬ ጉጂ ውስጥ ባለችው ወደራ በደን የተሸፈነውን ምሽግ ለመስበር ከሚያዝያ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ሲታገል ቆየ። በሰሜን በኩል የወረደው 22ኛው ብርጌድ በብርጋዴር ፋውክስ እየተመራ ሻሸመኔን አልፎ ግንቦት 11 ቀን በዛሬዋ አላባ ቁሊቶ፣ በብላቴ ወንዝ አጠገብ፣ ከኢጣሊያ ታንኮች ጋር ገጠመ። በዚህ ውጊያ ኬንያ ውስጥ የተወለደው ነጭ ሳጅን ናይጄል ሊኪ ታንክ ላይ ዘልሎ ወጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሠራተኞቹን በሽጉጥ ተኩሶ ታንኩን ከጥቅም ውጪ ካደረገ በኋላ፣ ሌሎቹን ታንኮች ለመያዝ ሲከተል ተገደለ፤ ለዚህም የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ የሆነው የቪክቶሪያ መስቀል ከሞተ በኋላ በ1945 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተሰጠው። የሽልማቱ መግለጫ ግን ታንኮቹን ሲያሳድድ አብረውት የሮጡ አፍሪካውያን ወታደሮች እንደነበሩ ጠቅሶ ስማቸውን ሳይጽፍ ያልፋል። አንድን ድል ማን እንዳገኘው በሚነገርበት ጊዜ የብዙዎቹ ድርሻ እንዴት እንደሚሰወር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ብርጌዱ ግንቦት 14 ቀን ሶዶን ከያዘ በኋላ ፊቱን ወደ ምዕራብ መለሰ፤ በጅማና በእርሱ መካከልም የኦሞ ወንዝ ገደል ተገኘ። የናይጄሪያ ብርጌድ ደግሞ በዋናው የአዲስ አበባ ጅማ መንገድ ገሥግሦ ይኸው ወንዝ ጊቤ ተብሎ በሚጠራበት ስፍራ ደረሰ፤ ከወንዙ ማዶ አበልቲ ላይ የመሸገው የኢጣሊያ ጦር መሻገሪያውን ቁልቁል እያየ ይጠብቀው ነበር። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ውሃው ሞልቶ ይጋልብ ነበር፤ ድልድይ የለም፤ ጀልባዎችን ጎርፍ ይነጥቃል። እንዲህም ሆኖ በግንቦት መጨረሻ ገደማ ሁለቱም ብርጌዶች በየበኩላቸው ተሻገሩ። የጅማ ዕጣ የተወሰነው በእነዚህ መሻገሪያዎች ላይ እንጂ በከተማዋ ጎዳና ላይ አይደለም፤ ምክንያቱም ወንዙ ከተጣሰ በኋላ ከአበልቲ በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል ጅማን የሚያህል ከተማ ለመከላከል የሚበቃ ሌላ የተፈጥሮ ምሽግ አልነበረም።

እዚህ ላይ ጅማ ከወንዙ መሻገር በኋላ ወዲያው ያልተያዘችበት ምክንያት ሊታወቅ ይገባል። ከተማዋ ከየአቅጣጫው በሸሹ የኢጣሊያ ሲቪሎች ተጨናንቃ ስለነበር፣ የእንግሊዝ አዛዦች እነዚያን ሁሉ የመመገብና ከበቀል የመጠበቅ ሸክም ለመቀበል አልቸኮሉም። ጋዜራ ራሱም አስቀድሞ ከተማዋን ጥሎ ወደ ምዕራብ ሄዷል። ስለዚህ ‹ጅማ ያለ ውጊያ እጇን ሰጠች› የሚለው አባባል ከተማዋን ብቻ ተመልክቶ ጊቤን የረሳ ነው።

ከሌላው ዓለም ጋር ማነጻጸሩ ጉዳዩን ይበልጥ ያብራራዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አራት የካናዳ ክፍለ ጦሮች ፈረንሳይ ውስጥ በቪሚ ኮረብታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ተዋግተው ኮረብታውን ሲይዙ፣ በእንግሊዝ የበላይ አዛዥነት ሥር ቢሆኑም ድሉ የካናዳ ተብሎ ተመዘገበ፤ ካናዳም ከጦርነቱ በኋላ በቬርሳይ የሰላም ውል ላይ በራሷ ስም ፈረመች። የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃም በኮርያ ጦርነት ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ በራሱ ስምና በራሱ ሰንደቅ ዓላማ ተዋግቷል። ናይጄሪያዊውና ጋናዊው ወታደር ግን ጅማ በተያዘችበት ጊዜ በስሙ የሚቆም መንግሥት ስላልነበረው፣ ድሉ የገዥው ሆኖ ቀረ። ነጻነት ያልነበራቸው ሰዎች ኢትዮጵያን ነጻ ለማውጣት መዋጋታቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ክብደት ያለው ሐቅ ነው።

ተረት፦ የአካባቢው ሕዝብ ወረራውንም ነጻነቱንም ቆሞ ተመለከተ

ይህን የሚሉ ሰዎች ወረራው የተጀመረበትን ዓመት የረሱ ናቸው። አዲስ አበባ ከወደቀች በኋላ ራስ እምሩ ጎሬ ላይ ሆነው የቀረውን ጦር ሲያሰባስቡ፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና የተማሩ ሰዎች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሊቀመንበርነት ያቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበር አብሯቸው ተሰልፎ ነበር። የዚህ ጦር ጉዞ ያበቃው ከጅማ በስተ ደቡብ፣ ጅማንና ከፋን በሚለየው በጎጀብ ወንዝ ላይ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ሲሆን፣ ራስ እምሩም ከዚያ ተማርከው ወደ ኢጣሊያዋ የፖንዛ ደሴት ተጋዙ። ከዚያ በኋላ የተጋድሎውን ሸክም ከተሸከሙት መካከል በወሊሶና በጨቦ አካባቢ የተነሳው ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ይገኝበታል፤ አምስቱን ዓመት ሙሉ በሸዋ ደቡብ ምዕራብና በጊቤ ሸለቆ ሲዋጋ ቆይቶ፣ በ1933 ዓ.ም. ወደ ጅማ በተደረገው ግሥጋሴ አርበኞቹን ይዞ ተሰለፈ። መደበኛው ጦር በዋና መንገዶች ሲገሠግሥ አርበኞቹ የጠላትን ጭፍሮች ከየጦር ሰፈሩ እንዳይንቀሳቀሱ ማገዳቸው ለዘመቻው ፍጥነት ያበረከተውን ማሳነስ አይቻልም።

በሌላ በኩል ጠላት የሚባለው ወገን ነጭ ብቻ ነበር ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። የኢጣሊያ ጦር አብዛኛው ክፍል ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የተመለመሉ አስካሪዎችና ባንዳዎች ነበሩ፤ የዘመቻው ሐዘንም ከዚህ ይጀምራል።

ተረት፦ ጋዜራ እጁን የሰጠው ጅማ ላይ ለእንግሊዞች ነው

ጋዜራ እጁን የሰጠው በሌላ የቡና ከተማ፣ በዚያን ጊዜ ሳዮ ትባል በነበረችው በደምቢዶሎ ሲሆን፣ የተቀበለውም በቤልጂጉ ጄኔራል ኦጉስት ዢልያር የሚታዘዘው የኮንጎ ጦር ነው። ‹ፎርስ ፑብሊክ› የተባለው ይህ ጦር የቤልጂግ ኮንጎ የቅኝ ግዛት ሠራዊትና ፖሊስ ነበር፤ ቤልጂግ ራሷ በጀርመን ተይዛ ሳለ ኮንጎአውያን ወታደሮች ከነተሸካሚዎቻቸው በሱዳን በኩል ረጅሙን መንገድ ተጉዘው በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ወር አሶሳንና ጋምቤላን በመያዝ ተካፈሉ። ከጋምቤላ ወደ ሳዮ ተራራ ለመውጣት ሲሞክሩ ግን ከእነርሱ በቁጥር የሚበልጥ ጠላት ከላይ ገጠማቸው፤ የምግብ እጥረትና በሽታም ከጥይት ያላነሰ ጉዳት አደረሰባቸው።

የእጥረቱ ምክንያት የባሮ ወንዝ ነበር። ጋምቤላ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ሆና ስታገለግል፣ የጎሬ፣ የመቱና የሳዮ ቡና በበቅሎና በአህያ ወደዚያ ወርዶ በክረምት ውሃው ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር፤ በበጋ ግን መርከብ አይደርስም። የኮንጎው ጦርም በዚያው በቡናው መንገድ ላይ ሰፍሮ ውሃው እስኪሞላ ስንቅ አጥቶ ከረመ። ሰኔ ሲገባ ባሮ ሞላ፤ ስንቅና ተጨማሪ ጦር ደረሰ፤ ዢልያርም ሰኔ 26 ቀን ሳዮን አጠቃ። ጅማን ባጣው፣ ከምሥራቅ የሚገሠግሠው ጦር በቀረበውና ማምለጫ ባልነበረው ጋዜራ በኩል የዕርቅ ጥያቄ የመጣው በዚያው ቀን ነው፤ ከእርሱ ጋር በርካታ ጄኔራሎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ተማረኩ። እንዲህ አድርጎ ጊቤ ላይ ናይጄሪያውያንን ያስቸገረው ዝናብ፣ ባሮ ላይ ኮንጎአውያንን አዳናቸው።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በመቱና በደምቢዶሎ የታሪክ መምህራን፣ እንዲሁም የአባ ጅፋር ቅርሶች የሚገኙበት የጅማ ሙዚየምና የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በየቤቱ ከአባቶች ወደ ልጆች የተላለፈውን የዚያን ክረምት ትዝታ ሳይጠፋ እንዲሰበስቡ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲከበርም ሰኔ 14 እና ሰኔ 26 ቀንን ከናይጄሪያው፣ ከኬንያው፣ ከጋናው፣ ከኮንጎውና ከገረሱ ዱኪ ጦር ጋር አንድ ላይ እንዲያስተምሩ ያስፈልጋል።