ጥሩ የመጋዝ ምላጭ ለእንጨቱም ለእጅም

«አሥር ጊዜ ለካ፤ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን ምክር የማያውቅ አናጢ የለም። ስለ መለካቱ ብዙ ተብሏል። ስለሚቆርጠው መሣሪያ ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። በዚህ ዘመን በግቢው ጥግ ወይም በጓሮው ዳስ ሥር የጠረጴዛ መጋዝ ተክሎ ለቤቱ ወንበርና መደርደሪያ፣ ለጎረቤቱም ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው ማሽኑን የገዛው ከወር ወር ቆጥቦ፣ ዋጋ አነጻጽሮ፣ ዐዋቂ አማክሮ ነው። የምላጩ ነገር ሲመጣ ግን ከማሽኑ ጋር የመጣውን እስኪያልቅ ድረስ ይሠራበታል፤ ሲያልቅም ከሱቅ ርካሹን አንሥቶ ይሄዳል። እኛ ዛሬ ልናስገነዝብ የምንወደው ይህ ልማድ እንጨትንም፣ ገንዘብንም፣ አንዳንድ ጊዜም ጣትን የሚያስከፍል መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ሞተሩ ያዞራል፤ ጠረጴዛው ይሸከማል፤ መሪውም ጣውላው ወዲያና ወዲህ እንዳይል ይደግፋል። እንጨቱን የሚቆርጠው ግን የምላጩ ጥርስ ብቻ ነው። ከዳር እስከ ዳር 250 ሚሊ ሜትር የሆነ ምላጭ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በአንድ ሴኮንድ 39 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ፍጥነት ነው። ምላጩ ባለ40 ጥርስ እንደ ሆነ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 2000 ጥርስ እንጨቱን ይመታል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ስለት የደነዘ፣ የተጣመመ ወይም ለሥራው ያልታሰበ ከሆነ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። እንጨቱ እየጠቆረ ይቃጠላል፤ ጠርዙ ይቦጨቃል፤ ሠራተኛውም መጋዙ እንቢ ሲለው በጉልበቱ ይገፋል። አደጋ የሚጠራውም ይኸው መግፋት ነው። በጉልበት የሚገፋ እጅ፣ እንጨቱ በድንገት ሲለቀቅ ራሱን ሊገታ አይችልምና።

ጥርሱ ከምን ተሠራ?

ክብ መጋዝ አዲስ ነገር አይደለም። ሳሙኤል ሚለር የተባለ እንግሊዛዊ ክብ መጋዝን የሚጠቅስ የፈጠራ መብት ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1777 ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የምላጩ ጥርስ ከራሱ ከምላጩ ብረት የተቀረጸ ነበር። እንዲህ ያለው ምላጭ ዋጋው ቀላል ነው፤ ሲደንዝም ባለሦስት ማዕዘን ሞረድ የያዘ ሰው በቤቱ ይስለዋል። ነገር ግን ጠንካራ እንጨትና በማጣበቂያ የተሠራ ሳንቃ ቶሎ ያደነዝዙታል።

መፍትሔው የተገኘው በጀርመን አገር ነው። ካርል ሽሬተር በ1923 የተንግስተን ካርባይድን ዱቄት ከኮባልት ጋር አዋሕዶ በእሳት በማጠንከር እጅግ ጠንካራ የሆነ ስለት ለመሥራት ቻለ። የክሩፕ ፋብሪካ ይህን ለገበያ ሲያቀርብ «ዊድያ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም «እንደ አልማዝ» ማለት ነው። ዛሬ በገበያ የምናየው ምላጭ አብዛኛው ገላው ብረት፣ የጥርሱ ጫፍ ግን የተበየደ ካርባይድ ነው። ካርባይድ ስለቱ ከብረት ይልቅ እጅግ ይቆያል። ጉድለቱም አለው፤ ጠንካራ እንደ መሆኑ ተሰባሪ ነው። ምስማር ሲያገኘው ወይም ከብረት ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ጫፉ ይሸረፋል። ሞረድም አይበግረውም፤ የሚሳለው በአልማዝ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ቺፑድ፣ ኮምፔንሳቶና ኤም ዲ ኤፍ የሚቆርጥ ሰው ካርባይድ የሌለው ምላጭ ባይገዛ እንመክራለን። በእነዚህ ሳንቃዎች ውስጥ ያለው ማጣበቂያ የብረት ጥርስን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

የጥርስ ብዛትና አቀራረጽ

ብዙ ሰው ጥርሱ የበዛ ምላጭ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። እንጨት እንደ ታሰረ የአገዳ ነዶ ነው። ነዶውን በቁመቱ መለያየት አንድ ሥራ ነው፤ አግድም መቁረጥ ሌላ ሥራ ነው። እንጨትም በጅማቱ አቅጣጫ በቁመት ሲሰነጠቅ ረዘም ያለ ፍርፋሪ ይወጣል፤ ያም ማረፊያ የሚሆን በጥርስና በጥርስ መካከል ሰፊ ጉድጓድ ይፈልጋል። ጥርሱ ከበዛና ጉድጓዱ ከጠበበ ሰጋቱራው መውጫ ያጣል፤ ምላጩ ይግላል፤ እንጨቱም ይቃጠላል። ጅማቱን አግድም ለመቁረጥ ግን እያንዳንዱን ጅማት እንደ ቢላ የሚበጥስ ብዙና ሹል ጥርስ ያስፈልጋል።

ለ250 ሚሊ ሜትር ምላጭ ልኩ እንደሚከተለው ነው። በቁመት ለመሰንጠቅ ከ24 እስከ 30 ጥርስ፤ ለሁለቱም ሥራ በመጠኑ ለሚያገለግል ከ40 እስከ 50፤ አግድም ለመቁረጥና ለኮምፔንሳቶ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ይበቃል።

ከቁጥሩ ጋር የጥርሱን አናት መመልከት ይገባል። አናቱ እንደ መሮ ጠፍጣፋ የሆነው ለመሰንጠቅ ነው። አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ጅማትን በንጽሕና ስለሚበጥስ አግድም ለመቁረጥ ነው። ሁለቱ ጠርዞቹ የተከረከሙ ጥርስና ጠፍጣፋ ጥርስ እየተፈራረቁ የተሰለፉበት ደግሞ ለቺፑድና ፎርሚካ ለተለጠፈበት ሳንቃ የተዘጋጀ ነው። የጥርሱ ግንባር ወደ ፊት የሚያዘነብልበት ልክም የራሱ ትርጉም አለው። 20 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ እንጨቱን ወደ ራሱ እየሳበ በፍጥነት ይሰነጥቃል፤ ያነሰ ዝንባሌ ያለው ዝግ ብሎ ግን በጥራት ይቆርጣል።

እንግዲህ ዋንዛ ገዝቶ በብዛት የሚሰነጥቅ ሰውና የኩሽና መደርደሪያ ከቺፑድ የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት ምላጭ ሊገዙ አይገባቸውም። አቅሙ አንድ ብቻ የሚፈቅድለት ጥራት ያለውን ባለ40 ጥርስ ይግዛ። ሁለት መግዛት የሚችል ግን ባለ24 እና ባለ60 ይዞ እንደ ሥራው ቢለዋውጥ ከሦስት ርካሽ ምላጭ የበለጠ ይጠቀማል።

በሱቅ ውስጥ ምን እንመልከት?

በመጀመሪያ በምላጩ ገላ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ሊዞር የሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት በደቂቃ ስንት እንደ ሆነ ያልተጻፈበትን ምላጭ መልሶ ማስቀመጥ ነው። የተጻፈው ቁጥር ከማሽኑ ፍጥነት መብለጥ አለበት። አንዳንድ ሰው የእንጨት ምላጭ በእጅ ግራይንደር ላይ ገጥሞ ሲሠራ ይታያል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11000 ዙር ስለሚዞር ብዙው የእንጨት ምላጭ ይህን አይችልም፤ ግራይንደሩም ለእንጨት ጥርስ የሚሆን መከለያ የለውም። ይህ ልማድ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል።

ሁለተኛው የመሐል ቀዳዳው ነው። ወደ አገራችን የሚገቡት ማሽኖች ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በመሆናቸው ልካቸው አይመሳሰልም። የአውሮፓው አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሜሪካኑ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነም አለ። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት የማሽኑን ዘንግ መለካት ነው። ቀዳዳው ከሰፋ በልኩ የተሠራ ማጥበቢያ ቀለበት ይገባበታል እንጂ ቆርቆሮ ወይም ፕላስተር አይጠመጠምበትም። ከመሐሉ ጥቂት የሳተ ምላጭ ዳር ላይ ያሉት ጥርሶቹ እኩል አይቆርጡም፤ ይንቀጠቀጣልም።

ሦስተኛው ጥርሱን በዓይን መመርመር ነው። የካርባይዱ ቁራጭ ወፍራም ከሆነ ደጋግሞ ሊሳል ይችላል፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ከሆነ አንድ ጊዜ ደንዞ የሚጣል ነው። ብየዳው በሁሉም ጥርስ ላይ አንድ ዓይነትና ክፍተት የሌለው መሆን አለበት። ገላውም ቀጥ ካለ ማስመሪያ ጋር ሲገጥም ብርሃን ማሳለፍ የለበትም። ከዳሩ ወደ መሐል የገቡት ቀጫጭን ስንጥቆች የፋብሪካ ጉድለት አይደሉም፤ ብረቱ ሲግል እንዲለጠጥበት የተተወ ስፍራ ናቸው።

የውፍረት ነገር

ምላጩ በቆረጠ ቁጥር የሚበላው እንጨት አለ። የተለመደው 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ቀጭኑ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከንቱ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ 9 ጊዜ ቢሰነጠቅ ወፍራሙ 28.8፣ ቀጭኑ 21.6 ሚሊ ሜትር ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። እንጨቱ ውድ በሆነበት ጊዜ ይህ የሚናቅ አይደለም። ቀጭኑ የሞተሩንም ድካም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አነስተኛ ኃይል ላለው የቤት ማሽን ይስማማል። በወፍራምና በጠንካራ እንጨት፣ ለምሳሌ በወይራ ላይ ግን ቢገፉት ሊወላገድ ስለሚችል ዝግ ብሎ መሥራት ያሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ውፍረቱን ስንመርጥ ከምላጩ ጀርባ የሚቆመውን ቀጭን የብረት ሳንቃ አንርሳ። እኛ ገላጋይ ብንለው ሥራውን ይገልጻል። የምላጩ የኋላ ጥርሶች ከታች ወደ ላይ ስለሚነሡ፣ የተሰነጠቀው ጣውላ ተመልሶ ቢገጥምና ቢይዛቸው እንጨቱን አንሥተው ወደ ሠራተኛው ደረት ይወረውሩታል። ገላጋዩ ሁለቱን ወገን ለያይቶ ይህን ይከለክላል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ግን ከምላጩ ገላ የወፈረ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው መንገድ ደግሞ የቀጠነ ሲሆን ነው። 2.4 ሚሊ ሜትር በሚከፍት ምላጭ ኋላ 2.5 ሚሊ ሜትር ገላጋይ ቢቆም ጣውላው መሐል ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ገላጋዩን ፈትቶ መጣል ነው። መለወጥ የሚገባው ግን ምላጩ ነበር።

አያያዙ

ጥሩ ምላጭ ገዝቶ በክፉ መያዝ ገንዘብን መጣል ነው። ምላጭ ከመፍታት በፊት ሶኬቱን መንቀል የመጀመሪያው ሕግ ነው። እንጨቱ መቃጠል ሲጀምር ወዲያውኑ ደንዟል ማለት አይደለም፤ በጥርሱ ላይ የዛፍ ሙጫ ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፎ በለስላሳ ብሩሽ ማጠብና ደኅና አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። መሪው ከምላጩ ጋር ትይዩ መሆኑንም መለካት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንጨቱ አሁንም እንቢ ካለ ለአሳይ መስጠት እንጂ በጉልበት መታገል አይገባም። ጥርሱ የጎደለ፣ ገላው የተሰነጠቀ ምላጭ ግን አይጠገንም፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይገጥመው ተሰብሮ ይጣል።

በየቤቱ የሚሠራው አናጢ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይሠራም። ልጁ ጣውላ ይይዝለታል፤ የጎረቤት ልጅም ሙያ ለመቅሰም አጠገቡ ይቆማል። እነዚህ ልጆች የሚማሩት የተነገራቸውን ሳይሆን ያዩትን ነው። ደነዝ ምላጭ በጉልበት ሲገፋ ያየ ነገ እንደዚያው ይገፋል፤ ምላጭ ለውጦ፣ ለክቶ፣ ገላጋዩን አስተካክሎ ሲሠራ ያየም እንደዚያው ይሠራል። የጥሩ ምላጭ ዋጋ ከርካሹ መብለጡን አንክድም። ነገር ግን ምላጭ ቢበላሽ በመርካቶ ሌላ ይገኛል፤ ጣት ግን በየትኛውም ገበያ አይሸጥም።