እሜቴ ጉበት ብቻ ነው የሚበሉት

ሳህኑን አስቀመጥኩላት። የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ነው፤ አጥንቱ የወጣለት፣ በጣት የተበጣጠሰ፣ ጨው ያልነካው። ቀረብ ብላ አሸተተች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በፊት እግሯ ሳህኑ አጠገብ ያለውን ሴራሚክ ትቧጥጥ ጀመር፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ ልክ ከተጸዳዳች በኋላ አፈር እንደምትመልሰው። ምሳዋን ቀበረችው ማለት ነው። እሜቴ የሚል ስም የወጣላት ያለ ነገር አይደለም።

ቡጥጫው ስድብ ይመስላል እንጂ ስድብ አይደለም። የዱር ድመቶች በልተው ያልጨረሱትን ግዳይ በአፈርና በቅጠል ይሸፍናሉ፤ ሽታው ሌላ አውሬ እንዳይጠራባቸው። የእኔዋም ወለሉ ላይ አፈር አለመኖሩን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ያንኑ ታደርጋለች። «አሁን አልፈልገውም፣ ከፊቴ አንሳው» ብትል ቃል አውጥታ ከዚህ በላይ ግልጽ አይሆንም።

እሜቴን የወረስኳት ከአክስቴ ነው። አክስቴ ጉለሌ፣ ከሥጋ ቤት አጠገብ ስትኖር ቆይታ ልጆቿ ሜሪላንድ ወሰዷት። ድመቷ ከአንድ ትእዛዝ ጋር ለእኔ ቀረች፤ «ጥሬ ጉበት ነው የምትበላው፤ ሌላ አታስለምዳት።» ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጉበት፣ ማታ ጉበት፣ በመሀል ወተት።

ለክትባት የወሰድኳት የእንስሳት ሐኪም ጠረጴዛው ላይ አውጥቷት መጀመሪያ የዳሰሰው ሆዷን ሳይሆን አንገቷን ነው። ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ መለሰው። ወገቧ ላይ፣ ከጅራቷ ከፍ ብሎ፣ ጸጉሯ ተጣብቆ ቋጠሮ ሠርቷል። «ጀርባዋን ትልሳለች?» አለኝ። አስተውዬው አላውቅም። ነገሩን ያኔ ነው የሰማሁት። ጉበት የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ ሲተርፍ በሽንት አይወጣም፣ ይከማቻል። ለወራትና ለዓመታት ጉበት ብቻ የበላች ድመት የአንገቷ አጥንቶች ላይ ሌላ አጥንት እየበቀለ ያያይዛቸዋል። አንገቷን ማዞር ያቃታት ድመት ጀርባዋን አትልስም፣ ጸጉሯም ይቋጠራል። «የእሷ ገና አልያዘም፤ ግን መንገድ ጀምራለች» አለ። ቀለቧን ቀይር፣ ግን በአንድ ቀን እንዳታደርገው ብሎ አሰናበተኝ።

መቀየሩ ቀላል የመሰለኝ ድመትን ስለማላውቃት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ላስተዋውቃችሁ።

ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር የሰውን ማዕድ ለመደ፤ እንጀራውም ገንፎውም ይስማማዋል። ድመት ግን ቤታችን ገባች እንጂ ማዕዳችን አልቀረበችም። ሆዷ እስከ ዛሬ የአዳኝ ሆድ ነው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ውሻ ከሌላ ፕሮቲን በአካሉ ውስጥ ይሠራዋል፤ ድመት የምትሠራው ከሚበቃት በታች ስለሆነ ከሥጋ ማግኘት ግድ ይላታል። ሲጎድልባት የዓይኗ ብርሃን የሚያርፍበት ስስ ሽፋን ይሞታል፣ የልቧ ጡንቻ ይለጠጥና ይዝላል። ይህ የሥጋ ቤት ወግ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የፋብሪካ ምግብ የሚበሉ ድመቶች በልብ በሽታ እየሞቱ ነበር፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ይሠራ የነበረው የእንስሳት ሐኪም ፖል ፒዮንና ባልደረቦቹ በ1987 ምክንያቱ የታውሪን እጥረት መሆኑን አሳዩ። ፋብሪካዎቹ መጠኑን ከፍ ሲያደርጉ በሽታው ብርቅ ሆነ። ካሮትም ለሷ ዋጋ የለውም፤ እኛ ከካሮት ቫይታሚን ኤ እናወጣለን፣ የእሷ አካል ያን ሙያ አያውቅም።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ጉዳይ ይመጣል። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት የተነገረው ለሰው ነው፤ ግን ለድመቷም ቃል በቃል እውነት ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ሁሉ ሽሮና ምስር ሲሆን ድመቷም የሽሮ ፍትፍት ይደርሳታል። ድሮ ይህ አይጎዳትም ነበር፤ ጾሙን በጓዳና በጎተራ ትፈታዋለች፣ አይጥ ሞልቷል። የዛሬዋ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ተዘግቶባት የምትኖረው ግን አይጥ በዓይኗ አላየችም። የምትበላው እኛ የሰጠናትን ብቻ ነው። የሰጠናት ደግሞ ወጥ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ቢበስልም፣ ቢደርቅም፣ ቢፈጭም። ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ካላችሁ ንገሩኝ።

ወደ አመሏ እንመለስ። የሰው ምላስ ላይ 9,000 ያህል የጣዕም እምቡጦች አሉ፤ የድመት 470 አካባቢ ናቸው። ጣፋጭ የሚባለውን ጭራሽ አታውቀውም። እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፤ ጣፋጭ የምትለይበት ዘረ መል በጥንት ዘመን ተበላሽቶ ቀርቷል፣ የነብርና የአቦ ሸማኔ ዘመዶቿም እንዲሁ። ኬክ የምትልሰው ለቅቤው ነው። እንግዲህ ምላሷ እንዲህ ደካማ ከሆነ ምግቡን የሚዳኘው ማነው? አፍንጫዋ ነው። ምግብ ካልሸተተ ምግብ አይደለም። ከፍሪጅ የወጣ ሥጋ ደግሞ አይሸትም፤ ቢሸትም የሚሸተው የሞተና የቀዘቀዘ ነገር ነው። አይጥን የምትበላት በአይጧ የሰውነት ሙቀት ነው፣ 37 ወይም 38 ዲግሪ ላይ። እኔ ያን ቀን ያቀረብኩት ዶሮ ማታ ተቀቅሎ ያደረ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ሳይሞቅ የቀረበ ነበር። በማግስቱ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጬ ለብ አደረግኩት። አልበላችም፤ ግን አልቀበረችውም። ይህን እንደ ድል ቆጠርኩት።

የውሃው ነገርም አለ። የቤት ድመት ቅድመ አያት አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ውስጥ የሚኖረው የዱር ድመት ነው፤ ዛሬም በአገራችን ዱር አለ። ደረቅ አገር የበቀለ እንስሳ ስለሆነ ውሃ ፈልጎ የመጠጣት ልምዱ ደካማ ነው፤ ጥማቱን የሚቆርጠው ከሚበላው ነው፣ የአይጥ ሥጋ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ነውና። የታሸገ እርጥብ የድመት ምግብ ወደ 75 ወይም 80 በመቶ ውሃ ይይዛል፤ በከረጢት የሚሸጠው ደረቁ ምግብ 10 በመቶ አካባቢ። ደረቅ ብቻ የምትበላ ድመት ውሃ አጠገቧ እያለ ሽንቷ ይወፍራል። ወተት ደግሞ ውሃ አይተካም፤ ጡት የተዉ ብዙ ድመቶች የወተቱን ስኳር የሚፈጭ ነገር ስለማይኖራቸው ያስቀምጣቸዋል። የእሜቴ ወተት በመጀመሪያው ሳምንት ቀረ፤ ለዚያ ብዙም አልተጣላንም።

የተጣላነው በጉበቱ ነው። ለጎረቤት ባማክር ሁሉም «ሲርባት ትበላለች» አለኝ። ለውሻ ይሠራል። ለድመት አደገኛ ምክር ነው፤ በተለይ ለወፍራም ድመት። ሁለት ሦስት ቀን ያልበላች ድመት አካሏ የከረመ ስብ ይፈታና ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበቷ ያን ሁሉ መፍጨት ስለማይችል ራሱ በስብ ይታፈናል። ዓይኗና ድዷ ቢጫ ሲሆን ነገሩ ሩቅ ሄዷል። ስለዚህ እልህ ከተያያዛችሁ የምትሸነፉት እናንተ ናችሁ፤ እሷ ልትሞት ትችላለች፣ እጅ ግን አትሰጥም። አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ወደ ለመደችው መመለስ፣ ሁለተኛው ቀን ከገባ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ስትበላ ቆይታ በድንገት የተወችን ድመት ደግሞ አመለኛ ከማለት በፊት አፏን ማሳየት ይገባል። ጥርሱ ያመመው ሁሉ ምግብ መራጭ ይመስላል።

እኔ የያዝኩት ዘዴ የሌባ ዘዴ ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ መስረቅ። መጀመሪያ ጥሬውን ጉበት በትንሹ ማብሰል ጀመርኩ፤ ሽታው ያው ስለሆነ አልከበዳትም። ሳህኑ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ መዋሉ ቀረ፤ በቀን አራቴ ይቀርባል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሳል። ድመት በተፈጥሮዋ በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ጥቂት ጥቂት የምትበላ ናት፤ አንዲት አይጥ 30 ካሎሪ ያህል ናት፣ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ደግሞ በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ይበቃታል። ሰባት ስምንት አይጥ ማለት ነው። እኛ ሙሉ ሳህን ከምረን «ምነው ተወችው?» እንላለን።

ከዚያ የተቀቀለ ዶሮ የምስር ፍሬ በምታህል መጠን ጉበቱ ውስጥ ገባ። እውነት ነው፣ የምስር ፍሬ። ሦስት ቀን ቆይቶ ባቄላ አከለ። በሁለት ሳምንት ሩብ ደረስን። በሦስተኛው ሳምንት ጠገብኩና በአንድ ጊዜ ወደ ግማሽ ዘለልኩ። አልበላችም። ማታም አልበላችም። ሌሊት ተነስቼ በስልክ መብራት ድዷን አየሁ፤ ከዚህ በላይ ተሞኝቼ አላውቅም። ጠዋት ወደ ሩቡ ተመለስኩ፣ በላች። ለጤነኛና ለማትመርጥ ድመት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል ይባላል። እንደ እሜቴ ላለችው ወራት ነው የሚታሰበው።

ከሁሉ የረዳኝ የጉበት ዱቄት ነው። ስስ ቁራጭ ጉበት ምድጃ ላይ በለዘብተኛ እሳት አድርቄ በሙቀጫ ወቀጥኩት። እኛ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ እንደምንበላው ለእሷም አዲሱ ምግብ ላይ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጌ እነሰንሳለሁ፤ መጠኑ ኢምንት ነው፣ ሽታው ግን አፍንጫዋን ያታልላል። ሌላው ጨዋታ ነው። ሳህኑ ከመቅረቡ በፊት የጫማ ክር እየጎተትኩ አሥር ደቂቃ አሯሩጣታለሁ። ድመት አድና ትበላለች፣ በልታ ራሷን ትልሳለች፣ ልሳ ትተኛለች፤ ያለ አደን የመጣ ምሳ ቅደም ተከተሉ ይዛባባታል። አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ፤ መድኃኒት በምትወደው ምግብ ውስጥ አትደብቁ። መራራውን ያስታወሰች ድመት ምግቡንም አብራ ትፈርድበታለች፤ አንዴ ያስታወካትንም እንዲሁ።

ወደ ምን እንደቀየርኳት ሳልናገር አልለፍ። ዶሮ ብቻም መድረሻ አይደለም፤ አጥንት የሌለው ሥጋ ካልሲየም ይጎድለዋል፣ የበሰለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ከሥጋ ቤት በርካሽ የሚገዛው ሳንባም ሆድ ይሞላል እንጂ ቀለብ አይሆንም። ልብ ግን ታውሪኑ ብዙ ነው፤ ቀቅላችሁ ከሰጣችሁ መረቁን አትድፉት፣ ታውሪኑ ወደ ውሃው ይወጣልና። ጥሬ መስጠት የተውኩት ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ፈርቼ ነው፤ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይህ ቀልድ አይደለም። መሠረቱ አሁን ከሱፐርማርኬት የሚገዛ እርጥብ የድመት ምግብ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ለድመት ሙሉና የተመጣጠነ መሆኑ የተጻፈበት እንጂ ለመቅመሻ የሚሰጠው ዓይነት አይደለም። ዋጋው ያማል። ስለዚህ ደረቁን በለብታ ውሃ እያራስኩ፣ የዶሮ መረቅ ጠብ እያደረግኩበት እቀላቅላለሁ።

አሁን አራተኛ ወራችን ነው። ወገቧ ላይ የነበረው ቋጠሮ ተቆርጦ በቦታው አጭር ጸጉር በቅሏል፤ ባለፈው እሑድ አንገቷን ሙሉ አዙራ ስትልሰው አየሁ። አሁንም አዲስ ጣሳ ሲከፈት ትቧጥጣለች፤ ሁለቴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ። ከዚያ ትበላለች።

አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ትደውላለች።

«ጉበቷን ትሰጣታለህ አይደል?»

«እሰጣታለሁ፣ እቴቴ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ስልኩን ሳህኑ ላይ አዞራለሁ። የሳምንቱ ጉበት አለች፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

ዝም ትላለች። እሜቴ ድምጿን ሰምታ ስልኩን ልታሸት ትመጣለች፤ ሽታ የለውም፣ ትታው ወደ ሳህኑ ትዞራለች።