የሩዝ ገንዘብና የቪዛ ስቴትመንት

ኅዳር ሲገባ የወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። በፎገራ ሜዳ ገንዘብ እጅ የሚገባው ያኔ ነው። ገበሬው ሩዙን አስፈልፍሎ ይሸጣል፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ ከተረፈው ጊደር ይገዛል። ባንክ የምትደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ናት። ልጁ ውጭ አገር የማስተርስ ዕድል አግኝቶ ቪዛ ሲጠይቅ ኤምባሲው የሚያያት ደግሞ እሷኑ ነው።

የረጅም ጊዜ ቪዛ የሚያመለክት ሰው ራሱን የሚያስተዳድርበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። አጠያየቁ ግን እንደየአገሩ ነው። ብሪታንያ ገንዘቡ ለተከታታይ 28 ቀናት ከተወሰነው ልክ ሳይወርድ መቀመጡን ታያለች፤ በመሃል ለአንድ ቀን ከጎደለ አይሆንም። ጀርመን የምትጠይቀው ልጆቹ «ብሎክድ አካውንት» የሚሉትን ነው። ተማሪው የአንድ ዓመት ወጪውን በስሙ በተከፈተ ሂሳብ ያስገባል፤ ገንዘቡ ታግዶ ይቆይና እዚያ ሲደርስ በየወሩ ተከፋፍሎ ይለቀቅለታል። ቪዛው ከተከለከለ ተመላሽ ነው።

2016 ዓ.ም. ለአመልካቾች ክፉ ዓመት ነበር። በታኅሣሥ ካናዳ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ውጭ ለመኖሪያ የምትጠይቀውን ከ10,000 ወደ 20,635 የካናዳ ዶላር አሳደገችው። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ነሐሴ ሳያልቅ ጀርመን የዓመቱን ልክ ከ11,208 ወደ 11,904 ዩሮ ከፍ አደረገች፤ በወር 992 ማለት ነው። በዩሮ ጭማሪው ትንሽ ይመስላል። በብር ሲሰላ ግን ሰኔ ላይ ሞልቶልኛል ያለ ቤተሰብ መስከረም ላይ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተገኘው።

የገንዘቡ መጠን ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ስቴትመንት የሚጠይቅ አገር የገንዘቡን አመጣጥም ያያል። የአንድ ገበሬ ስቴትመንት ምን ይመስላል? ወራት ሙሉ ቀሪ ሂሳቡ ጥቂት ሺህ ብር ይላል፤ ከዚያ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ሺህ ገቢ ይሆናል። ፎገራ ላይ ይህ ሩዝና ሁለት ሰንጋ የተሸጠበት ሳምንት ነው። የኤምባሲው መስኮት ጋ ግን ለማሳያ ብቻ ተበድሮ የገባ ገንዘብ ይመስላል፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ስላለም ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ለከብት ገበያ ደግሞ ማን ደረሰኝ ይቆርጣል? መሬቱም አያድንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት ስለማይሸጥ የይዞታ ደብተሩ ተሽጦ ገንዘብ አይሆንም። በዚህ ሚዛን ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ ያለው ባለወፍጮ፣ ከእሱ የበለጠ ሀብት ካለው ገበሬ ይቀልለዋል። የሚመዘነው ወረቀት እንጂ ሀብት አይደለም ብል አላጋነንኩም።

ስኮላርሺፕ ያገኘ ከዚህ ጣጣ ይተርፋል፤ ለምሳሌ ለጀርመን፣ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የዳአድ (የጀርመን የስኮላርሺፕ ድርጅት) ደብዳቤ ብቻውን ይበቃል። ጀርመን የሚኖር ዘመድም በከተማው የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ቀርቦ ግዴታ ሊገባ ይችላል። ይህ እንደ ተራ የስፖንሰር ደብዳቤ አይደለም፤ መንግሥት ለተማሪው መኖሪያ ያወጣውን እስከ 5 ዓመት ድረስ ከፈራሚው መጠየቅ ይችላል። አጎት ይሁን አክስት፣ ፊርማው ከመለመኑ በፊት ይህን ቢያውቁት ደግ ነው።

የቀረው ወቅቱን ማስታረቅ ነው። የጀርመን የትምህርት ዘመን በአብዛኛው በጥቅምት አካባቢ ስለሚጀምር ገንዘቡ ክረምቱን ሙሉ ታግዶ መቀመጥ አለበት። ሰኔ ደግሞ ሩዝ የሚዘራበት፣ ማዳበሪያና የጉልበት ሠራተኛ ገንዘብ የሚጠይቁበት ወር ነው። ቢቻል የታኅሣሥን ሽያጭ ወዲያው ባንክ አስገብቶ አለመንካት፣ የእርሻውንም ወጪ በርብና በጉማራ ወንዞች መስኖ ከሚለማው ሽንኩርት መሸፈን ነው፤ የሽንኩርት ዋጋ በዚያ ዓመት ካልወደቀ።