እንጨቱ ከቆዳው ሥር፣ እንጨቱ በቆዳው ላይ

በጣና ገዳማት ዕቃ ቤት ያለ የብራና መጽሐፍ ሲነሣ፣ እጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ቆዳ ነው። መጽሐፉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ግን ከቆዳው ሥር የተደበቀው እንጨት ነው። ደጓሹ ሁለት ገበታ ይጠርባል፤ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ፣ አንዳንዴም ከወይራ። ጥራዞቹን ከገበታዎቹ ጋር በሰንሰለት ስፌት ያያይዝና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ያለብሳቸዋል። ከዚያ ቆዳውን አርጥቦ በጋለ ብረት መስቀል፣ ክበብና የመስመር ክፈፍ ያትምበታል። ድጉስ የሚባለው ይህ ነው። ወርቅ አልተቀባም፤ ጌጡ ጉድጓድና ጥላ ብቻ ነው። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር ያሳተሙት ጥናት ይህን ሙያ ከብራና ፍቀቱ እስከ ድጎሳው ድረስ ይዞ አቆይቶልናል።

ዛሬ በሌላው ዓለም ያሉ የቆዳ ሠራተኞች ያንን የተደበቀ እንጨት በቆዳው ፊት ላይ ያወጡታል። ቀበቶ፣ ቦርሳ ወይም የወንበር ልባስ ላይ የእንጨትን መስመር፣ ጉጥና ስንጥቅ እየቀረጹ፣ ካልዳሰሱት በቀር ሳንቃ የሚመስል ቆዳ ይሠራሉ። ዘዴው ከድጉስ አይርቅም፤ እርጥበት፣ ግፊትና ትዕግሥት ነው። ከባሕር ዳር በመርዓዊ አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዱርቤቴ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ሁሉ በቅርብ የሚገኝባት ከተማ ናት። በሬውና ፍየሉ እዚያው አሉ፤ ዋንዛው በየማሳው ዳር ይበቅላል፤ በቁንዝላ በኩል ወደ ጣና የሚወስደው መንገድም ከዚያው ይነሣል። የሚያስፈልገው ቆዳውና እንጨቱ ውስጣቸው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ነው።

ከቆዳው እንጀምር። የእንስሳ ቆዳ ዋና አካል ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሦስት የፕሮቲን ሰንሰለቶች ተገምደው አንድ ሞለኪውል ይሆናሉ፤ ሞለኪውሎቹ ተሰልፈው ቀጭን ክር፣ ክሮቹ ተሰብስበው ወፍራም ጥቅል ይሠራሉ። ጥቅሎቹ በየአቅጣጫው ተጠላልፈው ስለሚያልፉ ቆዳ እንደ ጨርቅ በአንድ መስመር አይተረተርም። ጥሬው ቆዳ ሲደርቅ ክሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይገግማል፤ ረጥቦ ከቆየ ደግሞ ይበሰብሳል። ማልፋት ማለት ይህን ማስቆም ነው።

በግራር ልጣጭና በቀንጠፋ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር በክሮቹ መካከል ይገባና በብዙ ደካማ ትስስሮች ይያያዛቸዋል። አንዱ ትስስር ብቻውን ቀላል ነው፤ ብዛታቸው ነው የሚያጸናው። ታኒኑ በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተትም ስለሚሞላው ቆዳው ድፍን ይላል። ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ እንደተሰረጎደም ይቀራል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ግን ሌላ ጠባይ አለው። በታኒን ሳምንታትና ወራት የሚፈጀውን ሥራ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል፤ ቆዳውም ለስላሳና ሙቀት የሚችል ይሆናል። ለጫማና ለጃኬት ጥሩ ነው። ለቅርጽ ግን አይመችም፤ የተጫነበት ቦታ ተመልሶ ይነሣል። ከገበያ የተገኘውን ቆዳ ሁሉ ይዞ ቀረጻ የሚጀምር ሰው ሙያው አልሆነልኝም ብሎ የሚያዝነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የቆዳው ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት በአልፊዎችና በፋቂዎች እጅ ነበር። ኅብረተሰቡ ግን ፋቂን ስድብ አደረገው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። የኬሚስትሪ ሊቅ ሊባል የሚገባውን ሰው በመስደብ ያጣነው ነገር ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እርጥበቱ እንመለስ። ውሃ ወደለፋው ቆዳ ሲገባ በክሮቹ መካከል ያሉትን ደካማ ትስስሮች ይፈታል፤ ክሮቹም ይንሸራተታሉ። በዚያ ሰዓት ቢጫኗቸው ተጠጋግተው አዲስ አቀማመጥ ይይዛሉ። ውሃው ሲተን ትስስሮቹ እንደገና ይታሰራሉ፤ ነገር ግን በአዲሱ ቦታ። ቆዳ ቅርጽን የሚያስታውሰው እንዲህ ነው። ስለዚህ ልኩ ወሳኝ ነው። ውሃ የጠገበ ቆዳ ቅርጹን ይበላዋል፤ የደረቀው ደግሞ ይመልሰዋል ወይም ይሰነጠቃል። ጥሩው ሰዓት የሚታወቀው ቆዳው ረጥቦ ከጠቆረ በኋላ መልኩ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ሲል፣ ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት ግን ገና ሲቀዘቅዝ ነው። ቅዝቃዜው ከውስጥ የሚተነው ውሃ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የሚመጣ ነው፤ ውስጡ እርጥበት እንዳለ በዚያ ይታወቃል።

ደጓሹ በጋለ ብረት ሲሠራ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። እርጥብ ጥሬ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይኮማተራል፤ በዕፅዋት ታኒን የለፋው እስከ 75 ወይም 85 ድረስ ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ የኮላጅኑ ግምድ ይፈታል፤ ቆዳው ተጨማድዶ ይደርቃል፤ መመለሻም የለውም። ስለዚህ ብረቱ ነካ አድርጎ መነሣት አለበት፤ ቆዳውም ወዝ ያለው እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። በልኩ ሲሆን ግን ሙቀቱ የተጫነውን ቦታ ፈጥኖ ያደርቀዋል፣ ያጠቁረዋልም። የድጉስ መስመሮች ያለ ቀለም ጎልተው የሚታዩት በዚህ ነው።

አሁን እንጨቱ። ዛፍ የሚወፍረው ከልጣጩ ሥር ባለች፣ ካምቢየም በምትባል ቀጭን የሕዋስ ንጣፍ ነው። በጎጃም ክረምቱ አንድና ከባድ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ጥድ ሰፋፊና ስስ ግድግዳ ያላቸው ሕዋሳት ይሠራል፤ ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ጠባብ፣ ወፍራምና ጥቁር ይሆናሉ። ከዚያ ዕድገቱ ይቆማል። በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ሰፊው በአንድ ጊዜ ይጀምራል፤ ቀለበት የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ተመራማሪዎች ይህን የጥድ ቀለበት እየቆጠሩ የኢትዮጵያን የቀድሞ ዝናብ ለማወቅ ሞክረዋል፤ ዝናብ መሐል ላይ ተቋርጦ ሲመለስ ሐሰተኛ ቀለበት ስለሚፈጠር ሥራው ብዙ ማመሳከር ይጠይቃል።

ለቀራጩ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የቀለበቱ ሁለት ወገን አንድ አይደለም። በአንዱ በኩል ቀለሙ ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ በሌላው በኩል በድንገት ይቆረጣል። ስለዚህ በቆዳ ላይ መስመሩን በስለት ከቆረጡ በኋላ መጫን የሚገባው አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ ከመስመሩ ሥር ጠልቆ፣ እየራቀ ሲሄድ ወደ ላይ እየወጣ። ሁለቱንም ወገን እኩል የሚጫን ሰው የሚያገኘው እንጨትን ሳይሆን የታረሰ ማሳን ነው።

የመስመሩ ቅርጽም በአጋጣሚ አይመጣም። ግንድ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ የየዓመቱ ንጣፍ ረጅም ሾጣጣ ነው። ሳንቃው በግንዱ እምብርት ካለፈ መስመሮቹ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ከእምብርቱ ራቅ ብሎ ከተሰነጠቀ ግን የመጋዙ ገጽ ሾጣጦቹን ከጎን ይቆርጣቸዋል፤ ሂሳብ ሃይፐርቦላ የሚለው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካካ ቅስት ይወጣል። ጉጥ ደግሞ ግንዱ እየወፈረ የዋጠው የቅርንጫፍ ሥር ነው። መስመሮቹ ጅረት ድንጋይን እንደሚዞር ይዞሩታል፤ በጎኑ ይጠጋጋሉ፣ ካለፉት በኋላ ይሰፋሉ፣ እርስ በርስ ግን ፈጽሞ አይቆራረጡም። የአንድ ዓመት ንጣፍ የሌላውን ዓመት ሊያቋርጥ አይችልምና። አንድ የተሻገረ መስመር ሙሉውን ሥራ ያበላሻል።

ዋንዛ የጥድ ዓይነት ጎላ ያለ ቀለበት የለውም። የሚታየው ውሃ የሚወጣባቸው ቱቦዎች በቁመታቸው ሲሰነጠቁ የሚተዉት አጫጭር ጭረት ነው። ዋንዛን በቆዳ ለመሥራት ወስፌውን ጋደም አድርጎ፣ በእኩል ርቀት ሳይሆን ሰብሰብና በተን እያደረጉ ጭረቶችን መተው ይበቃል።

ለጥልቅ ሥራ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የበሬ ቆዳ ይሻላል፤ ሳሳ ያለው የፍየል ቆዳ ለማተሚያ እንጂ ለመቅረጽ አይበቃም። ስለቱ ከውፍረቱ ሲሶ ባያልፍ ጥሩ ነው። ለመጫኛ የተወለወለ ቀንድ ወይም አጥንት ይሆናል፤ መምቻውም ከብረት ይልቅ የእንጨት ቢሆን ይመረጣል። ቅርጹ ደርቆ ሲያልቅ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ነው፤ ቀለሙ በጉድጓዶቹ ይቀርና ጥላውን ያበዛዋል።

አቋራጭ መንገድም አለ። ፀሐይና ዝናብ በተፈራረቁበት የቆየ የጥድ ሳንቃ ላይ ስሱ ሕዋስ ቶሎ ስለሚበላ ወፍራሙ መስመር ከፍ ብሎ ይቀራል። እርጥቡን ቆዳ በዚያ ሳንቃ ላይ ክብደት ጭኖበት አሳድሮ ማንሣት መስመሩን ይቀዳል። ብቻ ተገልብጦ ነው፤ በእንጨቱ ላይ ከፍ ያለው በቆዳው ላይ ይጎደጉዳል።

የሚጎድለው በዕፅዋት የለፋ ወፍራም ቆዳ ነው፤ እሱም ሩቅ አይደለም። ከዱርቤቴ ዳንግላን አልፎ በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ለከሰል ሲተክሉት የኖሩት ደከረንስ የተባለው ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። ልጣጩ በታኒን የበለጸገ ነው፤ የቅርብ ወንድሙ የሆነው ሌላው የአውስትራሊያ ግራር ልጣጭም በደቡብ አፍሪካና በብራዚል ፈልቶ ሚሞሳ በሚል ስም ለዓለም የቆዳ ፋብሪካዎች ይሸጣል። ከከሰሉ በፊት ልጣጩን ልጦ፣ ፈጭቶ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፤ በዚያ ውሃ የለፋ አንድ የቆዳ ቁራጭ ከክሮም ቆዳ ቁራጭ ጋር እኩል አርጥቦ በአንድ ዓይነት ግፊት ማተም፤ ሁለቱንም ማሳደርና ጠዋት በጣት ዳስሶ የመስመሮቹን ጥልቀት ማወዳደር። ለመጀመር ይህን ያህል ይበቃል።