ከመሸኛ እስከ ውል፤ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛና የቤት ኪራይ ድጋፍ

በኢትዮጵያ የድሃ ተከራይን የቤት ኪራይ በየወሩ በከፊል የሚሸፍን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች የትምህርት፣ የጤና፣ የንጹሕ ውሃ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና ተጠቃሚ የሚሆኑባቸው ፖሊሲዎች እንደሚኖሩ ቢደነግግም፣ ድንጋጌው የፖሊሲ ዓላማ እንጂ ተከራይ ማመልከቻ አስገብቶ ገንዘብ የሚቀበልበት መብት አይደለም። ድጋፉ የሚገኘው በሌላ መልክ ሲሆን፣ እርሱም መንግሥት ራሱ የሚያከራየው የቀበሌ ቤት፣ የድሃ ቤተሰብን ገቢ የሚደጉመው የሴፍቲኔት ፕሮግራም እንዲሁም የግል አከራይ ኪራይ እንዳሻው እንዳይጨምር የሚገድበው ሕግ ነው። በ2011 መጀመሪያ የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከዙሪያው ገጠር የሚስባቸው ወጣት ሠራተኞች ከእነዚህ ድጋፎች ርቀው የሚገኙት በዋናነት ገቢያቸው ከመስፈርቱ በላይ ስለሆነ ሳይሆን፣ የከተማው ነዋሪ መሆናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ስለሌላቸው ነው።

ከድጋፎቹ ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ የቀበሌ ቤት ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች፣ እንዲተዳደሩ አደረገ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ ለማዕከላዊው መንግሥት ተላለፉ፤ የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽንም የእነዚህ ወራሽ ነው። በዚያው አዋጅ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ እስከ ግማሽ የተቀነሰ ሲሆን፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት እዚያው አካባቢ ቆይቶ በብዙ ከተሞች የጥቂት ብሮች ጉዳይ ሆነ። ዋጋው ለተከራዩ ትልቅ ድጎማ ቢሆንም የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና እንኳ አልበቃም፤ ቤቶቹ እያረጁ ሄዱ፣ በመልሶ ማልማት የፈረሱትም ጥቂት አይደሉም፤ የቀሩት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖሩ። ስለዚህ አመልካቹ የሚያስገባው ማመልከቻ በመሠረቱ ቤት እስኪለቀቅ የመጠበቅ ጥያቄ ነው፤ ቤት ሲለቀቅም ቀዳሚ የሚሆነው በቀበሌው ለረጅም ዓመታት የኖረውና ችግሩ በጎረቤት የሚታወቀው ነዋሪ ነው። ይህ አሠራር ለቆየው ድሃ ፍትሐዊ ሲሆን፣ በቅርቡ ከገጠር ለገባው ድሃ ግን በሩ የተዘጋ ነው።

አሜሪካ በዚያው ዘመን የሄደችበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መንግሥት ቤቱን ከመያዝ ይልቅ ለተከራዩ የኪራይ ድጎማ መስጠት የጀመረ ሲሆን፣ ተጠቃሚው በአብዛኛው ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ሲከፍል ቀሪውን መንግሥት በቀጥታ ለግል አከራዩ ይከፍላል። እዚያም ቢሆን በጀቱ ለአመልካቾች ሁሉ ስለማይበቃ ተራ መጠበቁ ዓመታት ይፈጃል፤ ነገር ግን ድጋፉ የተያያዘው ከአንድ ቤት ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር በመሆኑ ሥራ ፍለጋ ከተማ የሚቀይር ሰው ይዞት ሊሄድ ይችላል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበው የከተማ ምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው፤ በ2009 ገደማ ሥራ ሲጀምር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷም አዳማ ነበረች። መሥራት የሚችሉ የድሃ ቤተሰብ አባላት በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው የአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፉ ክፍያ ሲያገኙ፣ ለአረጋውያንና ሥራ ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ያለ ሥራ የሚሰጥ ክፍያ አለ። ገንዘቡ ለኪራይ ተብሎ ባይሰጥም በተከራይ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ተጠቃሚዎቹን የሚለየው የኅብረተሰቡ ተወካዮች ያሉበት የምልመላ ኮሚቴ በመሆኑ፣ መመዝገብ የፈለገ ሰው በቀበሌው፣ በኦሮሚያ ገንዳ በሚባለው አስተዳደር፣ ምዝገባ ሲታወጅ መገኘት፣ ስሙ ሳይካተት ሲቀርም በተቀመጠው የቅሬታ ጊዜ ማመልከት ይኖርበታል። ኮሚቴው የሚመርጠው ግን የሚያውቀውን ቤተሰብ ነው፤ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ በዚህ ትርጉም ቤተሰብ ተብላ አትቆጠርም፤ ቋሚ ደመወዝም አላት።

ደመወዙ ግን ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ መታለፍ የለበትም። በ2011 ይፋ የሆነው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን የገለጸ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ፓርኮቹ ሲታቀዱ ለማምረቻ ሼዱ፣ ለመብራቱና ለመንገዱ የተሰጠውን ያህል ትኩረት የሠራተኛው ማደሪያ አላገኘም። ይህ በአዳማ አካባቢ ይበልጥ የሚያስቆጨው ምሳሌው ቅርብ ስለነበረ ነው፤ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ማምረት በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችን በእርሻው ውስጥ በተሠሩ መንደሮች ያኖር ነበር። በእርግጥ ከሥራ ጋር የተሳሰረ ቤት ሥራው ሲቋረጥ ስለሚያሰጋ ያለ እንከን አልነበረም፤ የማደሪያን ጉዳይ ግን ለደላላና ለዕድል አልተወም።

ሠራተኛዋ በነዋሪነት ለመመዝገብ ወደ ቀበሌ ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው መሸኛ ነው፤ መሸኛ ማለት የቀድሞው ቀበሌ ነዋሪነቷን ዘግቶ ወደ አዲሱ የሚያስተላልፍበት ደብዳቤ ነው። ሳይዙት የመጡ ብዙዎች ሲሆኑ፣ ተመልሶ ለማምጣት የትራንስፖርት ወጪና ከሥራ መቅረት ያስፈልጋል። መሸኛው ከተገኘም በኋላ የምትኖርበት ቤት መታወቅ ስላለበት የአከራዩ ፈቃድ ይጠየቃል፤ አከራዩ ደግሞ የኪራይ ገቢ ግብርን በመስጋት ወይም ተከራይ በቤቱ ቁጥር ከተመዘገበ አይለቅም ብሎ በመፍራት ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። በ2015 በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የሚሰጠው ፋይዳ የተባለው መታወቂያም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያረጋግጣል እንጂ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ አይመሰክርም።

እዚህ ላይ ነው መጋቢት 24 ቀን 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ከኪራይ ዋጋ ቁጥጥር ያለፈ ዋጋ የሚኖረው። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው ጣሪያ እንዳያልፍ ያዝዛል። በክልሎች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች በመሆኑ ተከራይ አፈጻጸሙን ከሚኖርበት ከተማ አስተዳደር ማጣራት ይኖርበታል። የተመዘገበ ውል ግን የተከራይዋን አድራሻ በአከራዩ ፊርማ የሚያጸና ሰነድ ስለሆነ፣ መሸኛ ላላት ሠራተኛ የነዋሪነት ጥያቄዋ መነሻ ሊሆናት ይችላል። አንዲት ክፍል በጋራ የሚከራዩ ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ በአንዷ ስም ብቻ ስለሚዋዋሉ፣ እርሷ ሥራ ለቅቃ ወደ አገሯ ስትመለስ የቀሩት በሕግ ፊት እንግዳ ይሆናሉ፤ ስለዚህ የሁሉም ስም በውሉ ላይ እንዲሰፍር ከመፈረማቸው በፊት መጠየቅ ይገባቸዋል፤ በየወሩ የሚከፍሉበትን የባንክ ደረሰኝም ሁሉም ቅጂውን ቢይዙ ይጠቅማቸዋል።