ዋጋውን የሚወስነው በሩ ነው

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የንግድ ቤትና የአዳራሽ በሮችን እገጥማለሁ፣ እጠግናለሁ። ከወገኖቼ የሚደወልልኝ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ «ፓኒክ ባር ስንት ያስወጣል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። በሩ ባለ አንድ ተካፋች ነው ወይስ ባለ ሁለት? ከውጭ በቁልፍ ይከፈታል ወይስ መውጫ ብቻ ነው? በማጠፊያው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ትንሽ የብረት ምልክት አለ? እነዚህ ሳይመለሱ የሚነገር ዋጋ ግምት ብቻ ነው።

ኢንተርኔት ላይ 100 ዶላር የማይሞላ ባር አለ፤ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚሸጥም አለ። ከፊት ለፊት ሲታዩ ሁለቱም ሲገፉት የመዝጊያውን ምላስ የሚሰበስብ አግድም ብረት ናቸው። ልዩነቱ ያለው ውስጣቸው ነው። በአሜሪካ መለኪያ አንደኛ ደረጃ የሚባለው 500,000 ጊዜ፣ ሁለተኛው 250,000 ጊዜ ሠርቶ ፈተናውን ያለፈ ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ለሚከፈት የጓዳ በር አንደኛ ደረጃ ግዙ ብዬ ማንንም አላስወጣም። እሑድ እሑድ ሕፃናት እየተሯሯጡ በትከሻቸው ለሚገፉት በር ግን ርካሹን አልገጥምም።

ያ ጠርዝ ላይ ያለው ምልክት የእሳት በር መሆኑን የሚናገር ነው። ብዙ ጊዜ ቀለም ተቀብቶበት ስለሚደበቅ በጣት ዳስሶ መፈለግ ያስፈልጋል። የእሳት በር ለእሳት የተመሰከረለት ባር ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ባር ምላሱን ሰብስቦ የሚያቆይ መቆለፊያ የለውም፤ እሳት ሲነሳ በሩ ተዘግቶ መያዝ አለበትና። ቀን ቀን በሩ ሳይያዝ ዝም ብሎ እየተገፋ እንዲከፈት የሚፈልግ ሰው ምላሱን በኤሌክትሪክ የሚሰበስብና ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጋር የተገናኘ ባር መግዛት ይኖርበታል፤ ያኔ ዋጋው በብዙ ይጨምራል። ይህን ሳያዩ ተራውን የገዙ ሰዎች ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ሁለተኛ ሲገዙ አይቻለሁ። ያዝንላቸዋል ሆዴ፤ ገንዘቡ የምእመናን መዋጮ ነዋ።

ዋናው ክርክር የሚነሳው ባለ ሁለት ተካፋች በር ላይ ነው። በቅርቡ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የሰበካ ጉባኤው የንብረት ኃላፊ የዋጋ ወረቀቴን አይተው፣ «ልጄ፣ ለሁለት በር ሁለት ባር ነው። ሦስተኛው ወጪ ከየት መጣ?» አሉኝ። ሦስተኛው ወጪ በሁለቱ ተካፋቾች መሀል የሚቆመው የብረት ምሰሶ ነበር። «አባቴ፣ ይምጡና ላሳይዎት» ብዬ በሩ ሥር ተንበረከክሁ። የነበረው ባር ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጉ ዘንጎች ያሉት ነው። የታችኛው ዘንግ የሚገባበት የወለል ቀዳዳ ለበረዶ በተበተነ ጨውና በጠጠር ተሞልቷል፤ የጧፍ ቁራጭም ነበረበት። ዘንጉ መግቢያ አጥቶ ወለሉን ፍቆታል፤ ጭረቱ የሩብ ክብ ቅርጽ ሠርቷል። ኃላፊውም በሩ ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ ጭረቱን በጣታቸው ነካ አድርገው አዩት።

ምሰሶ ካለ ዘንግ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ተካፋች እንደ ነጠላ በር ምላሱን ምሰሶው ላይ ይጥላል፤ ባሩም ቀላሉ ዓይነት ይሆናል፣ ጥገናውም ይቀንሳል። «ታቦት ሲወጣስ? ጥላው በምን ያልፋል?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቁልፍ ተነቅሎ የሚመለስ ምሰሶ አለ፤ ለበዓሉ ይነሳል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሰው ለሚበዛበት አዳራሽ ከዘንግ ይልቅ ምሰሶ ይሻላል።

ሰንሰለት ግን አማራጭ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም። ሌባ ፈርተው በሩ ላይ ሰንሰለትና ጓጉንቸር የሚያስሩ ብዙ ናቸው፤ ሌሊት ያሰሩትን ጠዋት ማን ይፈታዋል? በቺካጎው የኢሮኳ ቲያትር እሳት፣ በ1903 ዲሴምበር 30፣ 602 ሰው አልቋል። ብዙዎቹ መውጫዎች የተቆለፉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ሕዝቡ አሠራሩን የማያውቀው መዝጊያ ነበራቸው። ካርል ፕሪንዝለር የሚባል የብረታ ብረት ሻጭ ያን ቀን ቲያትሩን ሊያይ አስቦ ሳይሆንለት ቀረ። ከዚያ በኋላ ከአርክቴክት ሄንሪ ዱፖንት ጋር ሆኖ ሲገፉት የሚከፈተውን ባር ሠራ፤ በ1908 ቮን ዱፕሪን በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። እስከ ዛሬም ይሸጣል።

ለሌባው ሥጋት ርካሽ መድኃኒት አለ። ከውጭ በሽቦ እንዳይፈለቀቅ ምላሱን የሚሸፍን የብረት ሳህን የጥቂት አሥር ዶላሮች ዕቃ ነው። ሲገፋ የሚጮህ ባርም አለ። ለ15 ሰከንድ ሳይከፈት የሚቆየውን ግን ሻጩ ቢያባብላችሁም ለመሰብሰቢያ አዳራሽ አትግዙ፤ የሕንፃ ኮዱ በጥቅሉ እዚያ አይፈቅደውም። በዓለም አቀፉ የሕንፃ ኮድ መሠረት 50 ሰውና ከዚያ በላይ በሚይዝ መሰብሰቢያ ወይም ትምህርት ቤት መቆለፊያ ያለው የመውጫ በር ፓኒክ ባር ሊኖረው ይገባል፤ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ። ባሩ ከወለሉ ከ34 እስከ 48 ኢንች ከፍታ ላይ ይገጠማል፣ የሚገፋው ክፍልም ከበሩ ወርድ ግማሽ ማነስ የለበትም። የራሳችሁን አካባቢ ሕግ ለማወቅ ወደ ፋየር ማርሻሉ ቢሮ ደውሉ፤ መጠየቅ ቅጣት አያስከትልም።

ዋጋ ስትጠይቁ የበሩን ሁለት ገጽ፣ ጠርዙንና ወለሉን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ ወርዱን ለክታችሁ ጻፉ። በምትቀበሉት ወረቀት ላይ ባሩ፣ የውጭ እጀታው፣ የቁልፍ ሲሊንደሩና የመግጠሚያው ዋጋ ተለይተው ይጻፉ። ሲሊንደሩ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው።